አርባኛዋ ሉክ

ደራ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017

ለልጅ ልጄ፣ ለባለ ዲግሪዋ ሱሃይላ፣

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ከጉልበቴ፣ ከጆሮዬና ከጎረቤቴ ፍየል በስተቀር ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። እናትሽ ደህና ናት? መነጽርሽስ? ባለፈው ስትመጪ በአንድ ጆሮ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አሳሰበኝ።

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ጫላ ሚኒባሱን ደጄ ላይ አቁሞ አቀበለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት እያየኝ ጫላ፣ «ጋሼ አብዱልጀባር፣ ከአዳማ ደራ ግማሽ ሰዓት መንገድ ደብዳቤ የሚጻጻፍ ከእናንተ በቀር አላየሁም» አለኝ። ምን ላድርግ? በስልክ ስታወሪኝ ከቃልሽ ይልቅ ወፍጮ ነው የምሰማው። ደግሞ የቆየ ወረቀት ልሰበስብ ብለሽ ተነስተሽ አዲስ ወረቀት መጻፍ ከሰለቸሽ ምኑን ሰበሰብሽው?

ለጥያቄዎችሽ በተራ ልመልስ።

አንደኛ፣ የበሩ ነገር። ኮሌጁ የቆየ ወረቀትና ፎቶ ለሚሰበስበው ኮሚቴያችሁ የድሮውን ስቶር መስጠቱን ስሰማ ብቻዬን ሳቅሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስቶር ኪፐር ሆኜ የቆምኩበትን ክፍል የልጅ ልጄ መክፈት አቅቷት ከደራ ምክር ትጠይቃለች! በሩን በጉልበትሽ ወደ ላይ ደገፍ አድርጊና ቁልፉን ወደ ግራ አዙሪ። ከምሥራቅ በኩል ያለው ጥግ ያፈሳል፤ እዚያ ወረቀት እንዳታስቀምጪ። ሊቀ መንበራችሁን አስቀምጪ።

ሁለተኛ፣ «ሰዉ ፎቶውንና ወረቀቱን ለምን አይሰጠንም?» ላልሽው። ስስታም ሆኖ አይምሰልሽ። ተቀባዩ ስለማይፈርም ነው። «እናስቀምጥላችሁ» ብሎ የወሰደ ስንቱን አይተናል? እኔ ዕቃ ስቶር ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለውን ደረሰኝ እቆርጥ ነበር፤ ሲወጣ ሞዴል 22። ያለ ፊርማ የገዛ ወንድሜንም አላስገባም። እናንተም ደረሰኝ አሳትሙ። ማን ሰጠ፣ ምን ሰጠ፣ ሲሰጥ ምን ጉድለት ነበረበት፣ መልሼ ልውሰድ ካለ መቼ። ማህተም ምቱበት። በዲግሪሽ የማይመጣው ሰው በማህተም ይመጣል።

መጥቼ እንዳየው ለጠየቅሽኝ፣ ጉልበቴ አልፈቀደም። ሦስተኛውን፣ የግድግዳ ጋዜጣውን ነገር፣ ጫላ ሞተር አስነስቶ ስለሚጠብቀኝ በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

አያትሽ አብዱልጀባር

* * *

አዳማ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017

ለውድ አባባ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ስለዘገየሁ አይቀየሙኝ፤ ያዘገዩኝ እርስዎ ነዎት። ደረሰኙን ካሳተምን ወዲህ እጄ ከመጻፍ አላረፈም። ትናንት ስልሳ አንደኛውን ቆረጥኩ!

ልብስ ሰፊው ሱሩር የመጀመሪያዎቹን ተመራቂዎች የካባ ልክ የጻፈበትን ደብተር አመጣ። ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩት፣ ያረሟቸውን ፈተናዎች ይዘው መጡ። «ዜሮ ያገኙት ዛሬ ባለሥልጣናት ስለሆኑ ስማቸው ይሸፈን» ብለዋል። የዘበኛው የአቶ አብተው ልጆች ለደወል ያገለግል የነበረውን የባቡር ሐዲድ ቁራጭ በጋሪ ጭነው አመጡት። አንድ ጊዜ ካልተመታ አንፈርምም አሉ። ሲመታ ከገበያ በኩል ሦስት ሽማግሌዎች ክፍል የረፈደባቸው ይመስል እየተቻኮሉ መጡ።

ሁሉም መጥቶ የሚጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ነው። የግድግዳ ጋዜጣው የት ደረሰ? ተማሪዎቹ በእጃቸው እየጻፉ በየሰኞው ምግብ አዳራሹ በር ላይ ይለጥፉት ነበር፤ ያለፈው እትም ሲነሳ ስቶር ይቀመጥ ነበር ይላሉ። ስቶሩ ደግሞ የእርስዎ ነበር።

ከሁሉም በላይ የምትጠይቀኝ አዴ ኤቢሴ ናት። ያውቋታል፤ ሃያ አምስት ዓመት ወጧን በልተዋል። አሁን የክፍላችንን ቁልፍ የምትይዘው እሷ ናት፤ አቧራውን የምታራግፈውም። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ በገባ ቁጥር ከወንበሯ ትነሳና «የጫምሳ ጽሑፍ አለበት?» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ነገረችኝ። ጫምሳ ታላቅ ወንድሟ ነው። እዚሁ ኮሌጅ ይማር ነበር፤ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ይጽፍ ነበር። በ1970 ከዶርሙ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እናታቸው ደንግጠው ስሙ ያለበትን ወረቀት ሁሉ ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። እሷ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ወጥ ቤት የተቀጠረችውም እሱ ይበላበት የነበረውን አዳራሽ ላለመራቅ ነው አለችኝ።

«የእጅ ጽሑፉ ወደ የት ያዘነብል እንደነበር እንኳ ጠፍቶብኛል» አለችኝ፣ አባባ።

ስለ ጉልበትዎ፣ ስለ ፍየሏም ለመስማት እወዳለሁ። ግን ሦስተኛውን ጥያቄ አልመለሱልኝም።

ሱሃይላ

* * *

ደራ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017

ለሱሃይላ፣ የስልሳ አንድ ደረሰኝ እመቤት፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከርመሻል? እኔ ጋ ብርዱ በርትቷል። ፍየሏ ወለደች፤ መንታ። ጎረቤቴ አንዷን በእኔ ስም ልጥራት ብሎ ጠየቀኝ፤ ሴት ናት አልኩት። «ቢሆንም ጢም አላት» አለኝ። የሰፈሬ ሰው እንዲህ ነው የሚያከብረኝ።

የዘውድነሽን ዜሮዎች እንዳትሸፍኑ። እኔ የማውቃቸው ሁለቱ ዜሮ በማግኘታቸው ነው ሰው የሆኑት።

ለሦስተኛው ጥያቄሽ መልስ የሚሆነውን በጫላ ልኬያለሁ። ቁምሳጥኔ ውስጥ የነበረው ሳጥን ነው፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ካርቦን ኮፒ፣ ከስቶር የወጣው ዕቃ ሁሉ ተመዝግቦበታል። አንድ ነገር ልንገርሽ። የሞዴል ጥራዝ ተከታታይ ቁጥር አለው። ስቶር ኪፐር ዕቃ ቢጎድልበት ይከፍላል፤ ከጥራዙ አንዲት ቅጠል ከጎደለችበት ግን ሌባ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ሙሉ ነው። እንዳለ ነው።

የ1970 ጥራዝ አቧራ ይበዛበታል። መነጽርሽን አጥብቂ።

ሌላ የምጨምረው የለኝም። ጫላን ሳጥኑ ላይ እግሩን እንዳይሰቅል ነግሬዋለሁ። ለኤቢሴ ሰላምታዬን... ተዪው፣ በሌላ ጊዜ እልካለሁ።

አያትሽ

* * *

አዳማ፣ ጥር 3 ቀን 2017

አባባ፣

ሞዴል 22፣ ቁጥር 08817፣ ሐምሌ 19 ቀን 1970። «ያገለገለ የግድግዳ ጋዜጣ፣ አርባ ሉክ። ከአገልግሎት ውጪ በመሆኑ የተወገደ። ተረካቢ፦» ከዚያ ስምዎና ፊርማዎ። አስረካቢም እርስዎ፣ ተረካቢም እርስዎ።

ለአዴ ኤቢሴ አላሳየኋትም። ስታጸዳ ጥራዙን ከእጇ ነጥቄ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ከሠላሳ አንዱ ጥራዝ የተቆለፈበት እሱ ብቻ ስለሆነ ነገሩ ሳይገባት አይቀርም።

የት ናቸው?

ሱሃይላ

* * *

ደራ፣ ጥር 8 ቀን 2017

ሱሃይላ፣

ሳጥኑን ከመላኬ በፊት ሦስት ቀን ክፍት አድርጌ ፊቱ ተቀምጬ ነበር። 08817ን መቅደድ ቀላል ነበር። እጄ እምቢ አለ። መዋሸት እችልበታለሁ፤ ከጥራዝ መቅደድ ግን አልችልም። እንግዲህ አንቺ ከዚህ ምን ዓይነት ሰው እንደሚወጣ አስቢበት።

ጋዜጦቹ እዚሁ ናቸው። አንቺ ትንሽ ሳለሽ የተኛሽበት ጓዳ ግድግዳ ላይ፣ ከኖራው ሥር። ያን ክረምት ስቶሩ ይጽዳ ተባለ። የዚህ ቤት ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነፋስ ያስገባ ነበር። የዚያ ዘመን ሠራተኛ ሁሉ ቤቱን በጋዜጣ ይለጥፍ ነበር። እኔም ስቶሩ ያስወገደውን ወሰድኩ፤ ዙለይካ አያትሽ የዱቄት ሙጫ አፍልታ ለጠፈችው። ከዚያ በየዓመቱ ለዒድ ኖራ ትቀባበት ነበር። እዚህ ድረስ ያለውን ብትሰሚ ምናልባት «አባባ ጋዜጣውን አተረፈው» ትያለሽ። ለዚህ ነው ቀጥዬ የምጽፈው።

ሠላሳ ዘጠኙ ሉክ ፊቱ ወደ ክፍሉ ነው። አርባኛዋ ፊቷ ወደ ጭቃው ነው። እሷ የጫምሳ ናት።

ስለ እኔ ነበር የጻፈው። ስለ ቁልፎቼ፣ ስለ ፎርሜ፣ ስለ ፊርማዬ። በግጥም። ሰኞ ተለጠፈች፤ እስከ ረቡዕ የወጥ ቤት ሴቶች ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘዋት በኮሪደሩ ሳልፍ ያንጎራጉሩብኝ ጀመር። ሐሙስ ጠዋት ማንም ሳይነሳ ነቅዬ ወሰድኳት። ልጁ መጥቶ «ጋሼ፣ ያለ ሞዴል 22 ነው የነቀሏት?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠመኔ ሊወስድ ሲመጣ «አልቋል» እለው ነበር።

በሰኔ ወሰዱት። ግድግዳውን በሐምሌ ለጠፍን። ዙለይካ ሉኳን አንስታ «ይቺ ለምን ትገለበጣለች?» አለችኝ፤ «ቀለሟ ያስጠላል» አልኳት። ማንበብ ባትችልም እኔን ታውቀኝ ነበር፤ ገልብጣ ለጠፈቻት።

ፈርቼ ነው ልልሽ አስቤ ነበር። ለዚያ ዘመን ፍርሃት ጥሩ ሰበብ ነው፤ ማንም አይከራከርሽም። አልፈራሁም። ተቀይሜ ነው። ልጁ ከተወሰደ ወር አልፎት እንኳ ቂሜ አልበረደም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ስቀልድ የኖርኩ ሰው፣ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ አንድ ጊዜ ቢቀልድብኝ አልቻልኩትም።

ከዚያ ሃያ አምስት ዓመት እህቱ ሳህኔን ሞላችልኝ።

ለምን አዳማ እንደማልመጣ ጠይቀሽኝ ነበር። ጉልበቴ ደህና ነው።

አብዱልጀባር

* * *

አዳማ፣ ጥር 13 ቀን 2017

አባባ፣

ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኩ። እርስዎ ከጥራዝ አይቅደዱ እንጂ ደብዳቤ መቅደድ ይፈቀዳል ብዬ ነው።

የተሰማኝን አሁን አልጽፍም። ሥራውን ልጻፍ። ሉኳን ብቻዎን እንዳይነኳት። ቢላዋ የሚባል ነገር እንዳይጠጋት። አንድ ወረቀት የሚጠግን ሰው ጠይቄ ነበር። መጀመሪያ ኖራው በእርጥብ ጨርቅ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ከማንቆርቆሪያ በሚወጣ እንፋሎት ሙጫው ቀስ እያለ ይላላል። ያም ሆኖ ግማሹ ከጭቃው ጋር ሊቀር ይችላል ብሎኛል። ሠላሳ ዘጠኙን ኮሚቴው በአንድ ላይ መጥቶ ያነሳቸዋል፤ እነሱ አያስቸኩሉም።

ለአዴ ኤቢሴ ማን ይንገራት ብለው እንዳይጠይቁኝ። እኔ አልነግራትም። የሚነግሯት እርስዎ ነዎት። እሷ ሳትሰማም ማንም ግድግዳውን አይነካም፤ መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት።

ሰላምታ አቀርባለሁ።

ሱሃይላ

* * *

ደራ፣ ጥር 20 ቀን 2017

ለሱሃይላ፣

ልክ ነሽ። «ሰላምታ አቀርባለሁ» ብለሽ መዝጋትሽ ግን ከቀበሌ የመጣ ደብዳቤ አስመሰለው፤ ሁለት ጊዜ ማህተሙን ፈለግሁ።

ለኤቢሴ ዛሬ ጽፌ ከዚህኛው ጋር ለጫላ ሰጥቼዋለሁ። አራት መስመር ነው። ሰላምታ ላበዛበት ነበር፤ ከዚያ ለማን ብዬ ተውኩት። ወረቀቱ የት እንዳለ፣ ማን እንደገለበጣት፣ ለምን እንደገለበጣት፣ ስሜ። በቃ። «ይቅር በዪኝ» የሚለውን አልጻፍኩም። ይቅርታ በጫላ ሚኒባስ አይላክም።

ስታነብ አጠገቧ ሁኚ። አንቺን ከሰደበችሽ እኔን መሆኑን እወቂ።

አያትሽ

* * *

አዳማ፣ ጥር 29 ቀን 2017

አባባ፣

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ደብዳቤዎን እዚያው በሩ ላይ ቆማ አነበበችው። አጥፋ ጡቷ ሥር አስገባችው። መጥረጊያውን አነሳችና የጀመረችውን ክፍል ጠርጋ ጨረሰች። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ይኸው ሰባት ቀን ሆነ፤ አልመጣችም። ትናንት ቤቷ ሄጄ ነበር፤ «እንግዳ አለብኝ» ብላ ከበር መለሰችኝ። እንግዳ አልነበረም።

የኮሚቴው ሰዎች «ኤቢሴ የሌለችበትን ቤት ምን ብለን እንከፍታለን?» እያሉ ነው። ሱሩር ደብተሩን መልሶ ሊወስድ ደረሰኙን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ለምኜ መለስኩት። የጠየቁኝ እሷ ምን ሆነች ብለው ነው፤ ምን ብዬ ልመልስ?

እሷ ካልመጣች እኔም ይቺን ክፍል አልከፍታትም።

ሱሃይላ

* * *

ደራ፣ የካቲት 2 ቀን 2017

ሱሃይላ፣

የሆነውን እንዳለ ንገሪያቸው፤ ስሜን ሳትሸፍኚ። የዘውድነሽን ዜሮዎች አትሸፍኑ ያልኩ ሰው የራሴን ልሸፍን አልችልም።

ጫላን የነገውን የጋቢና ወንበር እንዲይዝልኝ ነግሬዋለሁ። ጣቢያ እንዳትቀበዪኝ። ወደ ስቶሩም አልመጣም። የኤቢሴን ቤት አውቀዋለሁ፤ ቤቱን ስታሠራ ሚስማር ከስቶር አውሰኝ ብላኝ ሦስት ፊርማ አስፈርሜያታለሁ። በሩን ባትከፍትልኝ ደጁ ላይ እቀመጣለሁ። ማታ ካላስገባችኝ ደራ ተመልሼ በማግስቱ እመጣለሁ። ጫላ በወር ክፈለኝ ብሏል።

አብዱልጀባር

* * *

ደራ፣ የካቲት 14 ቀን 2017

ለልጅ ልጄ ለሱሃይላ፣

አሰላሙ አለይኩም። ኤቢሴ ተመልሳ ቁልፉን ከጠረጴዛሽ ላይ ማንሳቷን፣ ምን እንደሆነ ስትጠይቂያት ግን «ሽማግሌህን ጠይቂው» ማለቷን ጻፍሽልኝ። «ሽማግሌህን» ያለችው ተሳስታ አይደለም፤ አማርኛዋን እንዳንቺ በዲግሪ አልተማረችውም። እኔም ኦሮምኛዬን ስናገር እንዲሁ ትስቅብኛለች።

ሦስት ቀን ነው ደጇ የተቀመጥኩት። በመጀመሪያው ቀን በሩ አልተከፈተም። በሁለተኛው ተከፈተና «አካም ጅርታ» ብላ ደህንነቴን ጠይቃኝ መልሳ ዘጋችው። በሦስተኛው ከነነጠላዋ ወጥታ ፊቴ ቆመች።

«ሃያ አምስት ዓመት ሳህንህን ስሞላ ይሄ አፍህ የት ነበር?» አለችኝ።

«ይበላ ነበር» አልኳት።

በሯን ቆለፈች። ከዚያ «ና፣ እንሂድ» አለች። ጫላ እስከ ደራ መንገዱን ሙሉ ሬዲዮ አልከፈተም፤ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

እንዳልሽው አደረግን። ኖራውን በእርጥብ ጨርቅ እሷ አለሰለሰች፤ ማንቆርቆሪያውን እኔ ያዝኩ። ከዙህር ሰላት እስከ ዐስር ሰላት ፈጀብን። ጠጋ ስል «ወደዚያ፣ ጢምህ ያንጠባጥባል» ትለኝ ነበር። ሉኳ ስትለቅ አብዛኛው ከጭቃው ጋር ቀረ፤ ቀለሙም ፈሰሰ። የእጇን መዳፍ የምታህል ቁራጭ ነው የተረፈችው። «ጠመኔ» የሚል አንድ ቃል፣ ከታች ደግሞ ስሙ። ጫምሳ። ወደ ግራ ያዘነብላል።

ስሙን በጣቷ ሳትነካ ከላይ ከላይ ተከተለችው። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ሌላውስ?» አለች። ድምፅዋ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼው አላውቅም።

«ሌላው እኔ ጋ ነው» አልኳት።

የሰደበኝን ሰው ቃል አልረሳም፣ ሱሃይላ። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ከነነጥቡ ነበር የማስታውሰው፤ ሌሊት ሲያናድደኝ፣ ሰላት ላይ ሲያዘናጋኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነገር ሆኖ ታየኝ። እዚያው ጓዳ መሃል ተማሪ መምህሩ ፊት እንደሚቆም ቆምኩና አልኩላት፦

ቁልፉን ታጥቆ ሲሄድ ቅጭል ሲል ወገቡ፣
ሙሽራ መጣች ብለው ሰዎች ተሰበሰቡ።
ጠመኔ ፈልጌ ስቶር ብሄድ ማልጄ፣
ፎርሙን ስሞላለት ተመረቀ ልጄ።
መልአከ ሞት መጥቶ ነፍሱን ቢጠይቀው፣
«ሦስት ፊርማ ይዘህ ና» ብሎ መለሰው።

ጨርሼ መሬት መሬት አየሁ። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ጥፊው ሲዘገይብኝ ቀና አልኩ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች መስሎኝ ልጠጋት ስል፣ ፈነዳች። ከት ከት ብላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ወገቧን ይዛ ነው የሳቀችው። «ድገመው!» አለችኝ። ደገምኩት። ስለ ወገቤ ያለው ላይ ስደርስ ወገቤን አየችና እንደገና ጀመራት። ሦስተኛ ጊዜ አብራኝ አለችው።

ቁራጯን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ወስዳለች፤ ለክፍሉ ትስጠው አትስጠው የእሷ ፈንታ ነው፣ አትጠይቂያት። ግጥሙን ግን ከእኔ ቃል ተቀብለሽ መዝግቢው። «የተነገረው በተሰደበው ሰው» ብለሽ ጻፊበት። ሰው እንዲያምንሽ።

ጫላ ሊወስዳት ሲመጣ ሚኒባሱ በር ላይ ቆማ፣ ገና ዓይኗን እየጠረገች፣ እንዲህ አለችኝ፦

«አርባ ሰባት ዓመት አሟሟቱን ሳስብ፣ ቀልደኛ እንደነበረ ረስቼው ነበር።»

አያትሽ አብዱልጀባር